ትክክል ነው ተብሎ የተመሰከረለት የምድር ቤታችን ወለል

ለተከበሩ የሕንፃ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በሰላም፣ ጫማዎንም እንደ ወትሮው ደረቅ ሆኖ እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በልጄ አዲስ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ሁለቱ እግሮቻቸው ከማይታዘዙላቸው ባለቤቴ ጋር የምኖር አሮጊት ነኝ። ያለ ደረጃ የሚያስገባው ይህ ክፍል ብቻ ስለሆነ ከዚህ ሌላ የሚተኙበት የላቸውም። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ በፕላኑ ላይ የውኃ መውረጃው በኋላው ግድግዳ ሥር ነበር። ባለሙያዎ ወደ በሩ እንዲዛወር በማኅተም አዘዙ። ግንበኛው ቧንቧውን አዛወረ፤ የወለሉን ተዳፋት ግን ወደ ኋላው ግድግዳ እንዳዘነበለ ትቶ አርማታውን ሞላበት። ለምን ቢባል፣ ትእዛዙ ስለ ቧንቧ እንጂ ስለ ወለል አይናገርም አለ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሰው ስላፈሩልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ባለሙያዎ ከበሩ ደፍ ሳያልፉ ተዳፋቱ ትክክል መሆኑን መሰከሩ። ከዓይናቸው ጥራት የተነሣ ውኃ ልክ የሚባለው የተዳፋት መለኪያ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውኃው ወደ ኋላው ግድግዳ ይተማል፤ በአልጋው ራስጌ ያለው ሶኬትም ሁለት ጊዜ እሳት ተፍቷል። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ጎትተን ያወጣናቸው የፍራሻቸው ጫፍ እየጨሰ ሳለ ነው።

ሦስተኛ፦ ወለሉን ሰብረን እንድናስተካክል ፈቃድ ብንጠይቅ፣ ትክክል የሆነ ወለል አይሰበርም ተብለን አራት ጊዜ ተመለስን። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብን። አማቼም፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እርስዎን ትቶ ግንበኛውን ያዘ። አንገቱን አንቆ ከምሰሶው ጋር ሦስት ጊዜ አጋጨው፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ግንበኛውም ውኃ ልኩን አንሥቶ በአማቼ ግንባር ላይ ሰበረው፤ መሣሪያው በዚህ ቤት ሥራ ላይ ሲውል ያ የመጀመሪያ ጊዜው መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ልጄ ትጮኻለች፣ እኔ ሁለቱንም በምርኩዜ እደበድባለሁ። በዚህ መካከል ባለቤቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ እናንተ ሰዎች፣ ደሙን ተመልከቱት እንጂ፣ አሉ።

ሁላችንም ቀጥ አልን። የሁለቱ ደም ተቀላቅሎ፣ ምስክር ወረቀትዎን አላነበበ ኖሮ፣ መውረጃውን ከኋላው ትቶ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ይወርድ ነበር።

ስለዚህ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ያለ ፈቃድዎ ወለሉን እንሰብራለን። የሚታሰር ካስፈለገ እኔን ይሰሩኝ፤ ባለቤቴ በእሳት ሲያልቁ ከማይ በእስር ብማቅቅ ይሻለኛል።

ለማኅተምዎና ለማይደክመው እጅዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽሁ፣ ትሑት አመልካችዎ፣
የምድር ቤቷ አሮጊት

ማስታወሻ፦ አማቼ ግንባሩን፣ ግንበኛው ከንፈሩን ተሰፍተው ታርቀዋል፤ አሁን ታች ጎን ለጎን ተቀምጠው ወለሉን የሚሰብሩበትን ድጅኖ እየሳሉ ነው። በመጀመሪያ መመታት የነበረበት ማን እንደ ሆነም ተስማምተዋል። ሊያስቆሙን መምጣት መብትዎ ነው፤ ሆኖም ሁለቱን ለመገላገል ያፈሰስሁት ጉልበት የመጨረሻዬ ስለ ነበር፣ እርስዎን የማስጥልበት አልተረፈኝም።