ለኔስተር ዋሲሊው ስለተላከው የ«ናፍቀኸናል» ደብዳቤ

ለክቡር አቶ ዳልተን ፌርዌዘር
የሰፊው ሜዳ ሕሙማን ማመላለሻ በጎ አድራጎት ማኅበር ዋና ዳይሬክተር
ሳስካቱን

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ እንቅልፍ ጠግበው፣ ቢሮዎም ሞቆ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎን ያስቀደምኩት ለወጉ ብቻ አይደለም። ጤናው የጎደለ ሰው ከእኛ ከዊሎ ቤንድ ተነስቶ እርስዎ ካሉበት ከተማ የጨረር ሕክምና ለመድረስ በጥር በረዶ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ይጠብቀዋልና፣ እንዲህ ያለው ጣጣ በክቡርነትዎ ላይ እንዳይደርስ አስቤ ነው።

ዶሪን ፔትሪሺን እባላለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከማድ ቤቴ ጠረጴዛ ሳልነሳ ለማኅበሩ ለጋሾች እየደወልኩ ሳመሰግን የኖርኩ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ባለፈው መስከረም «አገልግሎትዎ ወደ ዘመናዊ አሠራር ተሸጋግሯል» የሚል ባለ ሁለት መስመር ጽሑፍ ልከው ስላሳረፉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እርስዎ በዚህ ሙያ የተማሩ፣ የተመሰከረልዎት ሰው ስለሆኑ፣ እኔ ያልተማርኩት ካረፍኩበት ሆኜ የታዘብኩትን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ በዓመት ከሺህ ዶላር በታች ለሚሰጥ ሰው ስልክ እንዳይደወል ያወጡትን መመሪያ አደንቃለሁ። የሚገርመው፣ በእኛ አገር ሺህ ዶላር የሚሰጥ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሕሙማኑን የምታመላልሰውን ሚኒባስ ለሃያ ዓመት ያስኬዷት ሃያ ሃያ ዶላር በፖስታ የሚያሽጉ ሰዎች ናቸው። እኔ ስደውልላቸው ሦስት ነገር ብቻ ነበር የምለው፦ ስማቸውን እጠራለሁ፣ ገንዘባቸው ማንን እንዳደረሰ እናገራለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። በዚያው ስልክ «እስቲ ደግሞ ጨምሩ» ብዬ አላውቅም። ሳልጠይቃቸው ግን በዓመቱ ይጨምሩ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእርስዎ አይደለም፤ እርስዎማ የቆጡንም ገና አላወረዱም።

ሁለተኛ፦ ብዕር ጨብጦ የሰው እጅ ጽሕፈት የሚያስመስል ማሽን ስለገዙልን አመሰግናለሁ። ባሏን ቀብራ «አበባ አታምጡ፣ በአበባው ፋንታ ለማመላለሻው ስጡልኝ» ላለች ሴት፣ «በዚህ አስደሳች አጋጣሚ እኛን ስላሰቡን» ብሎ በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር እጅ ጽፎላታል። ከታችም የክቡርነትዎ ፊርማ አለ። ሴትየዋ ደብዳቤውን ይዛ እኔ ቤት ስትመጣ የምገባበት ጠፋኝ።

ሦስተኛው ኔስተር ዋሲሊው ነው። እዚህ ላይ ቁጥሬን አቆማለሁ፤ አራተኛ የሚሆን ትዕግሥት የለኝም።

ኔስተር ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ስንዴ ሲያርስ የኖረ ሰው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሃያ ዶላር በፖስታ ይልክ ነበር። አብሮ ብጣሽ ወረቀት አለች፦ «ዛሬ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። ነፋሱ ከሰሜን ነው። ሹፌሯ ቀስ ትበል።» በኅዳር ወር ፖስታው ቀረ። ለምን ቀረ? ታሞ ነዋ! ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን ከመለሰ ቆይቷል፤ በገዛ ሚኒባሳችን፣ በየቀኑ፣ ወደ ጨረር ሕክምና እየተመላለሰ ነበር። ሰው ሲታመም ፖስታ ይረሳል። እኔ ብኖር አንድ ስልክ ደውዬ «ኔስተር፣ ድምፅህ ጠፋ፣ ምን ሆንክ?» እለው ነበር። የክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት ግን «የጠፉ ለጋሾች» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ተሳፋሪዎች የተመዘገቡበትን ወረቀት ገልጦ ማየት ማንን ትዝ ይበለው?

ማሽኑም እንዲህ ሲል ጻፈለት፦ «ውድ ኔስተር፣ ናፍቀኸናል። አንተ ስትጠፋ የአንድ ሕመምተኛ ወንበር ባዶ ይቀራል። ያልተከፈለበትን ጉዞ ማን ይሸፍነዋል?»

ይህን ሌላ ሰው ቢያነበው ቅርጫት ውስጥ ይጥለው ነበር። የእኛ አገር ገበሬ ግን የተጻፈለትን እንደተጻፈ ነው የሚወስደው። ለሹፌራችን ለማርሊስ ደወለና «ከነገ ጀምሮ በእኔ በር አትቁሚ። ወንበሩን ለከፈለ ሰው ስጪው» ብሎ ዘጋባት። ቢሮዎ ይህን «በተሳፋሪው ፈቃድ የተሰረዘ» ብሎ መዘገበ። በሳምንቱም ሁለተኛ የ«ናፍቀኸናል» ደብዳቤ ላከለት።

ማርሊስ ስትነግረኝ ቦርሽት፣ የቀይ ሥር ሾርባ፣ በድስት ይዤ ኔስተር ቤት ሄድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ሕክምና ይተዋል እንዴ?» አልኩት።

«ያልከፈልኩበት ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፍለህ!»

«እሱ ለሌላ ሰው ነው። ለራሴ መቼ ከፈልኩ?»

«እኔ ልክፈልልህ፣ ወይ በእኔ መኪና እንሂድ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ለማኝ ልታደርጊኝ ነው? ሾርባሽን አስቀምጪና ሂጂ።»

«ኧረ ማሽን ነው የጻፈው፣ በሞቴ!»

ደብዳቤውን አውጥቶ ፊርማዎን በጣቱ አሳየኝ። «ይሄ የሰው ስም ነው። ስሙን ፈርሞ ሲያበቃ አላልኩም ሊል ነው? እሺ፣ ተሳስቻለሁ ካለ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ። ያኔ እሳፈራለሁ።»

ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። ቤቴ ገብቼም አልቅሻለሁ። ኔስተር እስከ ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሕክምናው አምልጦታል። ነርሷ ደውላ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ከመጣ ሕክምናው ካቆመበት ይቀጥላል፣ ከዚያ ካለፈ ግን እስካሁን የተደረገለት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል ብላዋለች። ለእርስዎ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። በስድስተኛው ላይ አንዲት ትሑት ልጅ፣ «ለጋሽን እንደ ቤተሰብ መያዝ» በሚል ርእስ ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ከተማ መሄድዎን አስረዳችኝ። ንግግሩ እንደሚያምር አልጠራጠርም። መልእክቴን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉት፣ ያለኝ አማራጭ ይህን ደብዳቤ በመንደራችን ጋዜጣ ማውጣት ሆነ።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ይቅርታ በማሽን አይላኩ። እስከ እሑድ ድረስ ኔስተር ቤት ይምጡ፣ ከጠረጴዛው ይቀመጡና በአፍዎ «ወንበሩ የአንተ ነው» ይበሉት። አምስት ቃል አይሞላም፤ ለንግግር አዋቂ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ምን ያቅታል? ሚኒባሷ ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ በበሩ ታልፋለች።

ያስተማሩኝን ሁሉ ሳልዘነጋ፣ ለክቡርነትዎ ማዕረግ በሚገባው መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ከሺህ ዶላር በታች የምገመት ታዛዥዎ፣

ዶሪን ፔትሪሺን
ዊሎ ቤንድ፣ ሳስካቸዋን

ከፊርማው በታች የታከለ፦ ስሙ በጋዜጣ እንዲወጣ ኔስተር ራሱ ፈቅዷል። ምናልባት መንገዱ ረዝሞብዎ የሚያመጣዎት ካጡ፣ ማርሊስ ዓርብ ከሳስካቱን ስትመለስ ታሳፍርዎታለች። ወንበር አለ፣ እርስዎ ያስለቀቁት። ክፍያ አይጠየቁም፤ ኔስተር ዋሲሊው ለማያውቀው ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፍሎበታል።