ሁለቱ ነጭ ዶሮዎች

ጥቅምት 5፣ ጠዋት
መኖ ዛሬም አልመጣም። ለጣቢያው ዶሮዎች የማሽላ ገለባ በተንኩ። ደብተሬ፣ አንተ ትሻላለህ፤ ርቦህ አትጮህብኝም። የጎብዬ ገ/ማኅበር ጓድ ሊ/መንበር መልእክት ልኳል። አምና ለገበሬው ያደልካቸውን የመንግሥት ዶሮዎች መርምር፣ ንጹሁን የፈረንጅ ዝርያ ከድቅሉ ለይ ይላል። ሰው ንጹሁን እየሸጠ ድቅል ተክቷል ባይ ነው። ድቅል የተገኘበት ቤት ልጁን ለዚህ ዙር ውትድርና ይሰጣል። በዶሮ!

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት
ጎብዬ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። መጨረሻ ላይ ወ/ሮ ዘይነብ ቤት ገባን። ባሏ ሞቷል፤ ያላት ሰይድ የሚባል አንድ ልጅ ነው። አምስት ዶሮ፣ አምስቱም ነጭ። ሊ/መንበሩ ላባቸውን አይቶ ወጣ። እኔ እግራቸውን አየሁ። ሦስቱ ቢጫ፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ወደ ጎን የወደቀ፣ እንቁላላቸው ነጭ። የሁለቱ እግር ግን ግራጫ፣ እንቁላላቸው ቡናማ። አንዷማ ጭራሽ አቅፋለች። ድቅል ናቸው። ለሊ/መንበሩ ግን አልነገርኩትም። ዘይነብ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

ጥቅምት 8
ዘይነብ ቆቦ ጣቢያችን ድረስ በእግሯ መጣች። ሁለቱን ፈንግል ገደለባት። አጥር ሥር ቀብራ ከዋጃ ገበያ ነጭ ፈልጋ ተካች። ለምን አላመለከትሽም ብዬ ተቆጣኋት። ጎረቤቷ የመንግሥት በሬ ሞተብኝ ብሎ ቢያመለክት አርደህ በልተኸው ነው ተብሎ ታሰረ፤ እስካሁን አልተፈታም። «ወላሂ፣ ሰይድን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?» አለች።
ንጹህ ናቸው ብዬ ጽፌ ላክሁ። እዚህ አገር የዶሮ እግር የሚያይ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ጥቅምት 10
ጉድ ሆንኩ። ሊ/መንበሩ አምና ሥልጠና ላይ ሲያንጎላጅ ነበር። አንዲት ነገር ግን ይዟል፦ ንጹህ የፈረንጅ ዶሮ አታቅፍም። ያስተማርኩት እኔው ነኝ! ተመልሶ ሄዶ ያቀፈችውን አይቷል። ወረቀቴን ፊቴ ላይ ወረወረው። ወይ ሴትዮዋ ለውጣለች ብለህ ጻፍ፣ ወይ ድቅል ያደልኩት እኔ ነኝ በል አለኝ። ያደልኩት እኔ ነኝ ካልኩ በሰይድ ቦታ እኔ እዘምታለሁ። ዕድሜህ አላለፈም አለኝ። ኮታው አንድ ሰው ጎድሎታል፤ ማንም ይሁን ማን ግድ የለውም። እየሳቀ ነው ይህን ሁሉ የነገረኝ። እስከ ነገ ጊዜ ሰጥቶኛል።

ጥቅምት 11፣ ማለዳ
ዘይነብን ሌሊቱን ሙሉ ስረግማት አደርኩ። ምን አለ ዶሮዎቹ የሞቱባት ቀን ብትነግረኝ! ሰይድ ውሃ ሲያቀብለኝ አይቼዋለሁ። ጢም እንኳ አላወጣም፤ ለውትድርና እንዲደርስ ዕድሜውን ማን እንደ ጨመረለት እንጃ።
ዶሮዎቹን አጠጣሁ። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ጻፍኩ፦ ድቅሎቹን ያደልኩት እኔ ነኝ፣ ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም። ፈረምኩ። ዘማቾቹን የሚጭነው መኪና ከሰዓት ይመጣል።
እናቴ ደሴ ናት። እሷም ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ምን ብዬ ልጻፍላት…