የወላጅነት ሜዳሊያ በባዳ አንገት

ለተከበሩ ርእሰ መምህር
ሴንት ፖል፣ ሜይ 2007

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሐሙስ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ የአዳራሹን በር እንደ ቤተ መንግሥት ለጠበቁት ሠራተኛዎም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፎርት ስኔሊንግ ካለው አየር ማረፊያ መንገደኛ የማመላልስ ሾፌር፣ ስለ ግሪክ ጀግኖች እናቶች በጻፈችው ድርሰት አንደኛ የወጣችው የፈዲላ ሙሀይሚን እናት ነኝ። መዝገብዎ ስላላወቀኝ ራሴን ላስተዋውቅ ብዬ ነው።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩. በእኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ ልጅ ግን በአባቱ ስም ይጠራል። ይህን በምዝገባው ቀን አስረድቼ፣ የልደት ወረቀቷንም አስረክቤ ነበር። ሠራተኛዎ ግን ስማችሁ አይገጥምም ብለው ከወላጆች ዝርዝር ሰርዘውኝ ስለነበር፣ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ሮጬ ብደርስም ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ አየር ማረፊያ ስሠራ እንኳ እንዲህ ያለ ፍተሻ አይቼ አላውቅም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

፪. ልጄ የጻፈችው ስለ ጀግናው ቴሴዎስ እናት፣ ስለ ኤትራ ነው። ኤትራ አምላክ አይደለችም፤ እንደ እኔ ሟች ሴት ናት። አባትየው ሰይፉንና ጫማውን ድንጋይ ሥር ቀብሮ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ልጁን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዓለም ግን የአባቱ ልጅ ብሎ ጠራው። እርስዎ ይህንን ድርሰት አንብበው፣ አድንቀው፣ ፈርመውበት፣ ለአሸናፊ ተማሪ ወላጅ የሚሰጠውን ሜዳሊያ ከስድስት ዓመት በፊት ጥሎን ፕሊማውዝ ከተማ ለገባው ለሙሀይሚን አጠለቁለት፤ ስሙ ገጥሟልና። ሙሀይሚን ሰይፍ ቀርቶ አሮጌ ጫማ እንኳ አላስቀመጠላትም።

፫. ልጄ መድረክ ላይ ቆማ በማይክሮፎን «ዌር ኢዝ ማይ ማም?»፣ እናቴ የት አለች፣ ስትል ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ። ይህን ይቅር አልልም።

ስለዚህ በመጪው ሰኞ ጠዋት፣ የልጄን የክፍል ጓደኛ እናት ወይዘሮ ኢብሲቱ መገርሳን ጨምሮ ስማችን ከልጆቻችን ስም የማይገጥም አርባ ሦስት እናቶች፣ የልደት ወረቀት ይዘን ቢሮዎ በር ላይ እንሰለፋለን። እናትነታችንን አንድ በአንድ መርምረው በገዛ እጅዎ እስኪፈርሙልን ድረስ ከበሩ አንነቃነቅም፤ የእኔን ሜዳሊያም እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሕዝብ ፊት፣ በልጄ እጅ እቀበላለሁ።

ጥንቃቄዎ እንዳይጓደል በየሶላቷ ዱዓ የምታደርግልዎ፣
ሀሲባ ባድሩ፣ የፈዲላ እናት

ማሳሰቢያ፦ የተከበሩት ባለቤትዎም በአባታቸው ስም እንደሚጠሩ፣ ልጆችዎ ግን በእርስዎ ስም እንደሆኑ በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ አነበብኩ። የማን እናት እንደሆኑ እስኪጣራ ድረስ ከእኔ ኋላ ቦታ ይዤላቸዋለሁ።