የኣኮይ ቀይ ቁልፍ

የካቲት 2
ፊዚክስ ተፈተንን። ፈተናው አለፈ... እኔ ማለፌ ሌላ ጉዳይ ነው። ቤት ስገባ አባዬ እንደ ልማዱ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልቶ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ በሁለት ጣት ይለቅማል። አንዱን ፊደል ሲያገኝ ሌላው ይጠፋበታል።

ኣኮይ ወልደአማኑኤል ሶፋው ላይ ናቸው። የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ። ዕድሜያቸውን የዓዲግራት መስመር ላይ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው፣ ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው ሰነፈ። እኛ ጋ ከመጡ ወዲህ የሚነዱት እኛን ነው። ሻይ ይዤ ሳልፍ፣ "ራኬብ፣ ቀስ በይ፣ ኩርባ ነው።"

የካቲት 4
እጃቸውን የምታሠራቸው ፊዚዮቴራፒስት ፍሬወይኒ የጌም መጫወቻ አዋሰችን። እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጁ ለደከመ ሰው ብለው የሠሩት ነው አለች። የስኒ ማስቀመጫ የሚያክሉ ሁለት ቁልፎች አሉት። ቀዩ መንጃ፣ ሰማያዊው ፍሬን።

"በግራ እጃቸው ብቻ። በየቀኑ። እጁ ሥራ ከፈታ ይደርቃል።"

ኣኮይ ሸሚዝ ቀየሩ። ለጌም ሸሚዝ የሚቀይር ሰው ዛሬ አየሁ።

የካቲት 5
መጫወቻውን የአባዬ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ የመኪና ጌም ከፈትኩላቸው። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንስተው ቀዩ ላይ አስቀመጡት። ጥርሳቸውን ነክሰው ተጫኑ። መኪናዋ ቆማለች።

"ኣኮይ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ነው?"

ሳቁ። ደግመው ተጫኑ። ምንም።

"ወርጄ ልግፋ?"

በዚህኛው አልሳቁም። አባዬ መጥቶ ገመዱን ነቅሎ ሰካው። "መብራቱ በርቷል። ዕቃው ደህና ነው" አለ።

ዕቃው ደህና ከሆነ እንግዲህ... ማንም አልጨረሰውም። ኣኮይ ራሳቸው ጨረሱት። እጃቸውን ወደ ጉያቸው መልሰው፣ "እጁ ነው። ሞቷል።"

የካቲት 6
"ኣኮይ፣ እንሞክር?"
"ኣይፋልን።" አይሆንም ማለታቸው ነው።

የካቲት 17
ፍሬወይኒን ዛሬም መለሷት። እንቅስቃሴውንም ትተዋል። "ለሞተ እጅ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል?" አሏት። እማዬ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ኩርባ ነው የሚለኝ የለም። ሆን ብዬ እየሮጥኩ አልፋለሁ። ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም።

መጋቢት 9
ፍሬወይኒ ነገ ዕቃውን ልትወስድ ነው። ከመሄዱ በፊት አንዴ ልጫወትበት ብዬ ሰካሁት። ቀዩን በዚህ ጤነኛ እጄ ተጫንኩ። መኪናዋ ቆማለች።

ደግሜ ተጫንኩ። ቆማለች።

ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ልፈልግ ብዬ መጻፊያውን ከፍቼ ቀዩን ስነካው... ው። አንዲት ው ቁጭ አለች። ስይዘው፦ ውውውውው።

የአባዬ አማርኛ መጻፊያ። ለደብዳቤው ከከፈተው ዘግቶት አያውቅም። ቁልፉ የሚልከውን የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ው ይለውጠዋል። ጌሙ ደግሞ ው የሚባል ነገር አያውቅም። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። መኪናዋ ተፈተለከች።

ተጭነውት ነበር ማለት ነው። ሁለቴም። ቁልፉ ቀጭ ሲል እኮ ሰምቻለሁ፣ አሁን ትዝ አለኝ። ያኔ ቀልድ እየመረጥኩ ነበር።

አንድ ጊዜ ራሴ ብጫነው ምን ነበረበት?

መጋቢት 10
ነገርኳቸው።

"ስለዚህ ሥዩም በደብዳቤው መንገድ ዘጋብኝ በይኛ" አሉ። አባዬ ስሙ ሲጠራ መሬት መሬት አየ።

ተነሥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ተጣጥፈው ቀርተዋል። አንድ በአንድ ዘረጋሁላቸው። በየካቲት እንዲህ አልነበሩም። ቀዩ ላይ አስቀመጡ። ተጫኑ። ቀጭ አላለም። ደግመው። ግንባራቸው በላብ ረጠበ። ቁልፉ አልወረደም።

ፍሬወይኒ እጃቸውን አገላብጣ አየች። "ብዙ ወደ ኋላ ተመልሷል። ከመጀመሪያው እንጀምራለን። የት እንደሚደርስ ግን አላውቅም።" ዕቃውን ሳትወስድ ወጣች።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ኣኮይ ቀና ብለው አዩኝ።

"ኣንቲ፣ ዛሬ ምላስሽ የት ሄደ?"

ጣቶቻቸውን እንደገና አንድ በአንድ መዘርጋት ጀመርኩ። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። ይከብዳል።