የወረዳችን እንደራሴዎችና የቄስ አለልኝ ጨረቃ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005

አምስት ምርጫ፣ አምስት እንደራሴ። በጃንሆይ ዘመን ከወረዳችን ለፓርላማ የተላኩት እነዚህ ናቸው፤ ከቤተ እስራኤል አንድም ሰው የለበትም። የወረዳው ተወላጆች በሚመጣው እሑድ እዚሁ እስራኤል፣ ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈራችን አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ታሪኩን ጽፈህ አንብብልን ያሉት እኔን ነው፣ የምርጫ ጸሐፊ ስለነበርኩ። ዛሬ የጻፍኩት፦

አንደኛ፣ ፊታውራሪ ይመር። ምልክታቸው በቅሎ። አዲስ አበባ ሄደው በዚያው ቀሩ።

ሁለተኛ፣ አቶ ፈንታ ነጋዴው። ምልክታቸው ሚዛን። ድልድይ አሠራለሁ አሉ፤ ድንጋዩ ተከምሮ ቀረ።

ሦስተኛ፣ ግራዝማች ውበቱ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ያልጋነሽ «ደከመህ እንዴ፣ ጸሐፊው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ

ይህን ለአዳራሹ ሳይሆን ለራሴ ነው የምጽፈው። ከግራዝማች ጋር የተወዳደሩት መምህር ካሳ ነበሩ፣ ምልክታቸው ፋኖስ። እኛ መሬት ስላልነበረን የግራዝማች ጭሰኞች ነበርን። መምህር ካሳ ደግሞ ከተመረጥኩ ማንም ከቤቱ አይነቀልም ብለውናል። መንደሩ በሙሉ ለፋኖስ ቆርጦ ነበር።

ማስታወቂያውን ከከተማ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰኔ አሥራ ሁለት ይላል። በእኛ በቤተ እስራኤሎቹ መንደር ቀን የሚቆጠረው በጨረቃ ነበር፤ ቄሳችን፣ ቄስ አለልኝ፣ አዲሲቱን ጨረቃ አይተው ወር ያስገባሉ። የመንግሥትን ቀን ወደ ጨረቃ መልሶ ለቄስ መንገር የእኔ ሥራ ነበር። ቸኩዬ ሳልመልሰው «በአሥራ ሁለት ነው» ብዬ ሄድኩ፤ ቄሱም የመለስኩት መስሏቸው የጨረቃዋን አሥራ ሁለት ቆጠሩ።

ሕዝቡ በዚያ ቀን ነጭ ለብሶ ሲመጣ የድምፅ ሣጥኑ ከተነሣ ሁለት ቀን ሆኖታል። ፋኖስ የተሸነፈው ከመንደራችን ሰው ባነሰ ድምፅ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ግራዝማች አስነቀሉን። ቆላ ስንወርድ የቄስ አለልኝ ባለቤት፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ በንዳድ ሞቱ። ሰዉ ሁሉ «ቄሱ ቀን አሳሳቱ» አለ። የበዓሉንም ቀን ከሌላ መንደር ቄስ ይጠይቅ ጀመር። እኔ ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

እዚህ አገር መጥቼ በኢንዱስትሪ ቀጠናው መጋዘን ጡረታ እስክወጣ ሣጥን ስቆጥር አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ምን ያደርጋል።

ማክሰኞ

ቄስ አለልኝ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ሮቫ ቴት ቫቭ፣ ሄድኩ። አልጋ ላይ ከዋሉ ወራት ሆኗቸዋል፤ የምታስታምማቸው ልጃቸው ዘውዲቱ ናት። «ጋሼ አዱኛ፣ አባባ ዛሬ በሴደር ናቸው፣ ደህና ናቸው፤ ግቡ» አለችኝ።

ስም ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት አልኩ። የአምስቱንም እንደራሴዎች ስም ከነአባታቸው ነገሩኝ። ቀጥለው፣ «ሦስተኛውን ስትጽፍ ጥፋቱን በእኔ አድርገህ ጻፍ። ሰማዩ ደመና ነበር፣ ጨረቃዋን ሁለት ቀን አሳልፌ ነው ያየኋት። ትርንጎን የገደላት ይኼ ዓይኔ ነው» አሉ።

እኔ እኮ ሰው ይወቅሳቸዋል እንጂ እሳቸው ራሳቸውን ይከስሳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘውዲቱ የሰጠችኝን ሻይ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ረቡዕ

ለያልጋነሽ እውነቱን ነገርኳት። ይህን ሁሉ ዘመን አብራኝ ኖራ አታውቅም ነበር። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሰውዬው ሳይሞቱ ሂድ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ሐሙስ

ተመልሼ ሄጄ ለቄስ አለልኝ ነገርኳቸው። ቁጥሩን ወደ ጨረቃ ሳልመልስ እንዳለ እንደሰጠኋቸው፣ ሲታሙም ዝም እንዳልኩ።

ከዚያ «ጨረቃዋን በቀኗ ነበር ያየኋት?» አሉኝ።

«በቀኗ ነው ያዩዋት፣ አባ።»

እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። ይቅር አላሉኝም። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ተው። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሰዉ ንገር» አሉ።

ዓርብ

አራተኛው እንደራሴ የግራዝማች አማች። አምስተኛው ወንበሩ ሳይሞቅለት ደርግ ምክር ቤቱን በተነው። ለእነሱ ሁለት ሁለት መስመር በቃቸው። ሦስተኛው ሦስት ገጽ ሆነ። ያልጋነሽ ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች፤ እስካሁን ግን አታናግረኝም። ሰንበት ሊገባ ነው።

እሑድ

አነበብኩ። መጨረሻውን ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ሽማግሌ «እና እስከ ዛሬ አፍህን ምን ያዘው?» አሉኝ።

ዘውዲቱ ከኋላ ቆማ ፔሌፎኗን ከፍታ ይዛ ነበር፤ ቄስ አለልኝ ከአልጋቸው ሁሉንም ሰምተዋል። አሮጊቶቹ ተነሥተው ስልኩን ተቀባበሉ። «አባ፣ በድለንዎታል» እያሉ የሚያለቅሱ፣ መጪውን ጾም መቼ እንያዝ ብለው የሚጠይቁ ነበሩ።

እኔም ከመጨረሻ ተሰልፌ ተራዬን ጠበቅኩ። ከፊቴ የነበሩት ሴት ጨርሰው ሲሰጡኝ ስልኩ ተቋርጧል። ባትሪው አልቆ ይሁን እሳቸው ዘግተውት ይሁን፣ ዘውዲቱን መጠየቅ አልደፈርኩም።