ሰር ያልሽኝ ቀን

ፍሌሚንግተን፣ ሜልቦርን
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሲፋን፣

የጌታ ሰላም ከአንቺና ከባልሽ ከለታ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም አፏ ደህና ነው። እህትሽ ቃልኪ ሆፐርስ ክሮሲንግ ቤት ተከራይታ ወጥታለች፤ ቤታችን ጭር ብሏል። ብደውል ብደውል ስልክ አላነሳ ስላልሽ ወደ ወረቀት ዞርኩ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ልጄ፣ እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ሻይ እየቀዳሁ ትዝ ሲለኝ ከስኒው ሞልቶ ይፈሳል።

ለወንጌል ጉባኤ ፍራንክፈርት እንደመጣሁ አልነገርኩሽም። ድንገት ሙኒክ መጥቼ በርሽን አንኳኩቼ ላስደነግጥሽ ነበር፤ የደነገጥኩት እኔ ሆንኩ እንጂ። በአውሮፓ ባቡሮች የሚያስኬደውን ፓስ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ቃልኪ ናት። «በሁሉም ይሠራል?» ብላት፣ «ኦል ትሬይንስ ዳድ፣ ዶንት ዎሪ» አለችኝ። እውነትም እስከ ሙኒክ በፈጣኑ ባቡር እንደ ሚኒስትር ተንደላቅቄ መጣሁ። ከዚያም በከተማው ባቡር ጥቂት ሄድኩ፤ ማንም ምንም አላለኝ። ወደ ሰፈርሽ ለመምጣት ደግሞ ከመሬት በታች የሚሄደው ሌላው ባቡር ላይ ወጣሁ። ምን ላውቅ! እኛ ዘንድ አንድ ካርድ በባቡሩም በትራሙም በአውቶቡሱም ያስኬዳል። ባቡር ባቡር ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

በሩ እንደተዘጋ በጀርመንኛ ትኬት የሚጠይቅ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ሳልል ድምፁን አወቅኩት። ሆስፒታል ነው የምሠራው ያልሽኝ ልጅ፣ የተቆጣጣሪ ሰደርያ ለብሰሽ ፊቴ ቆመሻል!

ስምሽን ልጠራ አፌን ስከፍት ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ፊትሽ አመድ መሰለ። ለካ ፓሱ በዚያኛው ባቡር አይሠራም፤ ያ ረጅሙ ባልደረባሽ ስልኬን አየና ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ «ሰር፣ ዚስ ፓስ ኢዝ ኖት ቫሊድ ሂር። ፓስፖርት ፕሊስ» አልሽኝ።

ሰር! እኔን! አባዬ ትከሻህ ላይ አውጣኝ እያልሽ ያደግሽው ልጅ!

ፓስፖርቴን ሰጠሁሽ። አፍሽን እንደ ፈረንጅ አጣምመሽ «ሚስተር ቶሌራ» ብለሽ አነበብሽው። ያው ስም ደረትሽ ላይ በተንጠለጠለው ባጅ ከስምሽ ቀጥሎ ተጽፏል። ዓይኔ እዚያ ሲያርፍ ባጁን በእጅሽ ሸፈንሽው። ልጄ፣ የገዛ ስሜን ከእኔ ደበቅሽው!

እኔም «ሶሪ» አልኩ። ልጄ ናት ብል ሥራሽን አሳጣሽ እንደሆን ፈራሁ። የቅጣቱን ወረቀት ተቀብዬ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ወረድኩ። ቤትሽ ልመጣ እግሬ እምቢ አለ፤ በዚያው ወደ ፍራንክፈርት ተመለስኩ። ቅጣቱን ከፍያለሁ። ሕግ ሕግ ነው፤ ሥራሽንም በደንብ ሠርተሻል፤ ሥራ ሁሉ ክቡር ነው። አባትን አላውቅም ማለት ግን የየትኛው አገር ሕግ ነው?

ለምን እንደደበቅሽኝ እስከ ትናንት አልገባኝም ነበር። ትናንት ራስኮርስ ሮድ ላይ ትኬት ፈታሾቹ ትራም ውስጥ ገቡ። እንደ ልማዴ «ጅቦቹ መጡ» ልል ነበር። ልጆች ሳላችሁ ይህን ስል እንዴት ትስቁ ነበር! አንቺማ ሆድሽን ይዘሽ ነበር የምትስቂው። ትናንት ግን አንቺን አስቤ ተውኩት። ካርዴን የጠየቀችኝ እንደ አንቺ ቀጭን የሆነች ወጣት ነበረች። «ታንክ ዩ ልጄ» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ለእናትሽ ቤቱ ጠፋብኝ ብያታለሁ። «የልጅህ ከተማ ደርሰህ ቤቷን አጣህ? አንተም ሰው ነህ!» እያለች ይኸው እስከ ዛሬ ትጨቀጭቀኛለች። በየእሑዱ ምእመናኑን «ለነርሷ ልጄ ጸልዩልኝ» ትላለች፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ዛሬ ለመጻፍ ያጣደፈኝ ግን ሌላ ነው። እናትሽ አውሮፕላን ቡክ አድርጋለች፤ በነሐሴ ትመጣለች። ፓሱንም ቃልኪ አውጥታላታለች። «አንተ ያጣኸውን ቤት እኔ አገኘዋለሁ» ብላ እንዳልነግርሽ ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ይኸው አፈረስኩት። እናትሽን ማንጠግቦሽን ታውቂያታለሽ፤ እንደ እኔ ሶሪ ብላ አትወርድም። ባቡር ሙሉ ሰው ፊት ልጄ ብላ ታቅፍሻለች።

ስለዚህ ቀድመሽ ደውለሽ ሥራሽን ንገሪያት። አንድ ሁለት ቀን ታኮርፋለች፤ ያልፋል። መደወሉ ካቃተሽና እዚያ ባቡር ላይ ካገኘሻት፣ ፓሷን ጠይቂ፤ ካልሠራም ቅጪያት። ማዳም ግን እንዳትያት፣ ልጄ። እኔ ችዬዋለሁ፤ እሷ አትችለውም።

ጌታ መውጣት መግባትሽን ይጠብቅ። ለታን ሳሚልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ቶሌራ