መርከብ አሳሪው አቶ ሊያንደር ፐርቪስ

በሞቢል ወደብ መርከብ በማሰር አያቴን የሚስተካከል ሰው አልተወለደም፤ ይህን የምለው ስለምወዳቸው ብቻ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

አቶ ሊያንደር ፐርቪስ ከአባታቸው ከአቶ ኤዝራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዴሳ እ.ኤ.አ. በ1951 በአላባማ፣ ፕሪቻርድ ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በ1970 በወደቡ የገመድ ጀልባ ላይ ተቀጠሩ። ሥራቸው ከመርከብ የሚወረወረውን ገመድ ተቀብሎ መርከቡ በሚቆምበት ዳርቻ ከተተከለው የብረት ጉቶ ላይ ማጥለቅ ነበር። በ1978 ወይዘሮ ቨርኔታን አግብተው እናቴን ሎሬይንን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1996 ካረፉ በኋላ ሌላ አላገቡም።

ሁለት መርከብ በአንድ ጉቶ ሲታሰር፣ የኋለኛው ገመድ ቀለበት በፊተኛው ውስጥ ከሥር ሾልኮ ነው የሚጠለቀው። ያኔ አንዱ ሌላውን ሳያስቸግር መሄድ ይችላል። ይህን በጫማ ክር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በ2003 አንድ ዝናባማ ጠዋት ግን ራሳቸው ቸኩለው ገመዱን እንዲሁ ከላይ ደረቡት። በታችኛው ገመድ የታሰረው መርከብ ሊወጣ ሲል፣ የሥራ ጓደኛቸው አቶ ሉሸስ ቦይኪን ከሥር ሊያላቅቁ እጃቸውን ሲሰዱ ገመዱ ተወጥሮ ያዛቸውና ሦስት ጣት አጡ።

እናቴ ይህን በቀብራቸው ላይ ሊነበብ የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ አንብባ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቀብር ነው ወይስ ችሎት?» ብላኛለች። እኔ ግን ካልጻፍኩት የቀረው ሕይወታቸው አይገባችሁም። አያቴ አቶ ሉሸስን ይቅርታ ለማለት አፈሩ። እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 2014 ድረስ፣ የተጠበሰ ዓሣቸውን ይዘው ከገመድ መጋዘኑ ጀርባ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። ወጥ ቤታቸው ውስጥም ያለው አንድ ወንበር ነው፤ እኔ ስሄድ ባልዲ ገልብጬ እቀመጥ ነበር። «ሉሸስ ጋ አንድ ቀን እሄዳለሁ» ይሉ ነበር። አልሄዱም።

ሁለት ዓመት በሳንባ ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 በሆስፒታል አረፉ። አጠገባቸው የነበረችው ነርሷ ብቻ ናት። አንዲት ልጅና አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ብቻን የማይበላበት ማዕድ ላይ ያስቀምጥልን።

ትናንት አቶ ሉሸስ ቤት ሄድኩ።

«ጋሽ ሉሸስ፣ በአያቴ ፈንታ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሣጥናቸውን ቢሸከሙላቸውስ?»

«እስካሁን ስንት ተሸካሚ አገኛችሁ?»

«አምስት።»

«እሸከመዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን ለይቅርታ መጣሁ አትበይ፤ ስድስተኛ ሰው ስለቸገራችሁ ነው የመጣሽው።»